ሰው የለም ይላል

ድንበሩ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን ሳይፈታ ገና፣
«እስቲ እዪያት ይችን!» አለኝ፣ ስልኩን አቀበለኝና።
ክብ ናት፣ ፊቷ መስታወት፣ የመዳፍ ስፋት ያላት፣
ግድግዳ ላይ ተቀምጣ የቤት ጠባይ የሚገባት።
ስንነሣ፣ ስንተኛ፣
መቼ እንደሚበዛ ላባችን፣ ማን እንደሆነ ብርደኛ፣
በሳምንት ታጠናለች አለ፤
በር ስንዘጋ ኤሲውን ታጠፋለች፣
ልንደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረን ቀስቅሳ ታበርዳለች።

«ዋጋዋስ?»
«አራት መቶ ሰማንያ ድርሃም። ከነመግጠሚያው።»
ዝም ተባባልን።
የእኛዋ የግድግዳ መዘውር፣ ቁጥሯ ተፍቆ ያለቀ፣
በስቴኪኒ ተወትፋ የቆመች፣ ምላሷ የወለቀ፣
ቀጭ አለች፤ የሰማችን መሰለኝ።

የዕቁቡን ደብተር ገለጥኩ፣ በጀርባው ሂሳብ ይዤ፦
ሐምሌ ስድስት መቶ አሥር፤
ነሐሴ ሰባት መቶ፣ ያኔ ያደርኩት ፈዝዤ።
ከአሥር እጅ አንዱን ብትቆጥብ፣ እንደ ሻጩ አባባል፣
ስድሳ፣ ሰባ ድርሃም፤ እሱም ሙቀቱ ሲከፋ ይሆናል።
ከኅዳር በኋላ ሻርጃ ራሷ መስኮት ትከፍታለች፤
ያኔ ይች ብልህ ዕቃ ምን ሠርታ ትበላለች?
ዋጋዋን እስክትመልስ ዓመት ሙሉ ልትፈጅ፣
ቪዛዬ ሰባት ወር ቀረው፤ ግድግዳውም በሰው እጅ።
«ስንሄድ ነቅለን እንወስዳታለና!» አለ ድንበሩ።
«የት? ደብረ ብርሃን? ብርድማ እዚያ ነጻ ነው፣ ከነአየሩ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
እጄን የያዘው ግን ሂሳቡ አልነበረም።
ከዚች ዕቃ ጋር ኖሬአለሁ፤ እስከዛሬ አልነገርኩትም።

ሳልሚያ፣ ኩዌት። ማዳም ሸይማ ሰኔ ሲገባ ትበራለች፤
ቤቱን ለኔ ትታ፣ ብርዱን በስልኳ ይዛ ትሄዳለች።
የዕቃዋ ዓይን ሳሎን ነው። እኔ ደግሞ የምተኩሰው
ከወጥ ቤት ኋላ ጓዳ ነው፣ ዓይን ከማይደርሰው።
ሁለት ሰዓት ትጠብቅና
«ሰው የለም» ብላ ትጽፋለች፣
ያን የሚያህል ቤት ቀስ እያለች ታግላለች።
ካውያ በእጄ፣ ላቤ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ፣
«አለሁ!» ልላት እሮጣለሁ፣ ፊቷ ቆሜ እጄን ላርገበግብ።
ታየኛለች። «ሰው አለ» ትላለች። ነፋሱ ይመጣል።
ወዲያው ስልኩ ይጮኻል፦
«ሳሎኔ ውስጥ ማን ገብቷል?»

እንግዲህ ምረጪ፦
ከሌለሽ ትቃጠያለሽ፤ ካለሽ ትጠየቂያለሽ።

ይህን ለድንበሩ የነገርኩት መብራት ካጠፋን በኋላ ነው።
ብዙ ቆየ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።
ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ «የኛዋ ግን» አለ፣
«ጓዳ ትሰቀላለች። አንቺ ካለሽበት ትጀምር።
ስልኩም ያንቺ ይሁን።
ከፈለገች እኔን ትርሳኝ፤
እኔ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።»
አልመለስኩለትም። እሺ ልበል እምቢ፣ እኔም አላውቀው።

ጠዋት ደብተሩን ባየው፣
ከአራት መቶ ሰማንያው ጎን የጥያቄ ምልክቴ እንዳለ ነው፤
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ ወደ ታች በሚያዘነብለው ጽሕፈቱ፣
«ሰው አለ» ይላል።

ስቴኪኒዋ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት።
አነሣኋት፣ መዘውሯ ሥር መልሼ ወተፍኳት፣
ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።
ሃያ አራት ላይ ይሆናል ብዬ፤
ቁጥሩ እንደሆነ የለም።